የሃያ ብሯ በቅሎ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚያወራው ዋጋውን ብቻ ነበር፣ ሌላውን ወጪ ዝም ነው የሚለው። ዛሬም እንደዚያው ነው መሰለኝ። መኪና ልንገዛ ነው ስትሉ እሰማችኋለሁ፣ እዚህ ይህን ያህል ይላሉ፣ እዚያ አገር ግን ርካሽ ነው ትላላችሁ፣ እኔም እዚህ ጥግ ተቀምጬ በሆዴ እስቃለሁ። ለምን እንደምስቅ ዛሬ ልንገራችሁ። ቅረቡ እንጂ፣ ድምፄ ደክሟል።

ያን ጊዜ መኪና የሚባል ነገር አልተሰማም፤ መኪናችን በቅሎ ነው። እሱም ቢሆን አሶሳ ውስጥ በቅሎ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ እኛ የአህያ ሰዎች ነን፣ በቅሎ ከደጋ ነው የሚመጣው። እና በቅሎው ሲመጣ፣ በቅሎዋ ስትመጣ ልበል፣ ይቺ የልጅ ልጄ ሐሊማ ሁልጊዜ ታርመኛለች፤ የኔ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፣ ወንዱንም ሴቱንም አደባልቄ ነው የገዛሁት። እና በቅሎዋ ስትመጣ ሰው ሁሉ ለማየት ይወጣል።

እኔ ወጣት ነኝ፣ አቡጀዲና ጨው በሁለት አህያ እነግዳለሁ። ሁለት አህያ ብቻ ነው ያለኝ፣ አፌ ግን የአርባ ግመል ነጋዴ አፍ ነው። ገበያ ላይ ኢድሪስን የሚያታልል ገና አልተወለደም እላለሁ። ለራሴ ብል ደግ ነበር፣ ለሰው ሁሉ ነው የምለው።

እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ወርቅ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ጠዋት ገበቴዋን ይዛ ወንዝ ትገባለች፣ ውሃው እስከ ጉልበቷ ነው፣ አሸዋውን ታሽከረክራለች ታሽከረክራለች፣ ማታ ስትመለስ በጥፍር የምትነሣ ትቢያ ይዛ ትመጣለች። ታዲያ በመጨረሻ ጉልበቷ እምቢ አለ። ከቤት እስከ ጥላው ዛፍ ለመድረስ ዱላ ያዘች። እህቴ ዘይነብ ደግሞ የተዳረችው ባምባሲ ነው፣ እናቴ ከሠርጉ ወዲህ አላየቻትም፣ እና ወሬ መጣ፣ ዘይነብ አርግዛለች፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ቀኗም ቀርቧል ተባለ። አንድ ጠዋት እናቴ ጉልበቷን በቅባት እያሸች እንዲህ አለችኝ፦

«ኢድሪስ፣ ቀስ እያልኩ በእግሬ ብጀምረው፣ ልጁ ሳይወለድ እደርስ ይሆን?»

ይህ ነገር አንጀቴን በላው። በበቅሎ ነው የምትሄጂው አልኳት። በምን እንደምገዛ አላሰብኩም፣ አፌ ነው ቀድሞ የወጣ። እሷ ግን ተነሥታ ከጎጆው ክዳን ውስጥ የሸጎጠችውን አወጣችልኝ። ያን ጊዜ ወርቁን የምንይዘው በአሞራ ላባ ነው፤ የላባውን አገዳ እንቆርጥና ትቢያውን ሞልተን አፉን በሰም እንደፍነዋለን። የጉልበቷ ዋጋ በሙሉ እዚያ ላባ ውስጥ ነበር። እሱን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

አሶሳ ውስጥ በቅሎ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር፣ ሐሰን ይባላል፣ ከሱዳን በኩል የመጣ ጀላባ ነው፣ ነጋዴ ማለት ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ሲናገር ድምፁን አያነሣም። ሄድኩበት፣ አንዷን መረጥኩ፣ አርባ አለኝ። ተከራከርኩ፣ ተሳደብኩ፣ ተለማመጥኩ፣ ወደ ሠላሳ ወረደ፣ እና እዚያ ላይ ቆመ።

«ሠላሳ» አለኝ፣ «ገመዱም የኮርቻው መጣፈሪያም በዋጋው ውስጥ ነው። ደጅህ ድረስ አምጥቼ አስርልሃለሁ። ብትታመም ቤቴን ታውቀዋለህ። ከዚህ በታች ለወንድሜም አልሸጥም።»

እኔ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? አንተ በፀሐይ የምትዘርፍ ሌባ ነህ አልኩት። እሱ አልተቆጣም። እንግዲያው ከርካሹ ቦታ ሄደህ ግዛ፣ አላህ መንገድህን ያቅናልህ አለኝ፣ ከልቡ ነው የመረቀኝ፣ እና ምርቃቱ ከስድብ ይልቅ አናደደኝ። ወጥቼ ለሰው ሁሉ አወራሁ። መንዲ ላይ በቅሎ በሃያ ብር ይሸጣል፣ እኔ ሄጄ አመጣለሁ፣ ያኔ ሐሰን ያፍራል አልኩ። ማን ነገረህ እንዳትሉኝ፤ አንድ ማር ነጋዴ ሲያልፍ ሲል ሰማሁ፣ እሱም ከሌላ ሰው የሰማው ነው።

እና ተነሣሁ። ባምባሲ ስደርስ ዘይነብ ቤት አደርኩ። ሆዷ ትልቅ ሆኗል፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የምትሄደው። እማ ሳትመጣ አልወልድም አለችኝ እየሳቀች፣ ዓይኗ ግን አይስቅም። ልጅ ናት፣ ፈርታለች። እኔም ስመለስ በሃያ ብር በቅሎ ታይኛለሽ፣ ወዲያው እናትሽን አመጣለሁ አልኳት፤ ያን ሰዓት እንኳን «በሃያ ብር» ማለቴን አልተውኩም፣ አያችሁ።

ከዚያ ዳቡስን ተሻገርኩ፣ መንዲ ገባሁ። ገበያው በበቅሎና በፈረስ ተሞልቷል። ገና ቆሜ ሳይ አንድ ሰው መጣና እጄን ያዘኝ፣ እንደ ጠፋ ወንድሙ ነው የያዘኝ። ዲንሳ ይባላል፣ ደላላ ነው። ኦሮምኛ ይናገራል፣ አማርኛ ይናገራል፣ አረብኛም እንደ ነገሩ ይሞክራል፣ እና በሦስቱም ቋንቋ እኔን አመሰገነኝ። ኦቦ፣ አንተ በቅሎ የምታውቅ ሰው እንደሆንክ ከአረማመድህ አውቄያለሁ አለኝ። እኔም አመንኩት። ኦቦ ማለት በእነሱ ቋንቋ ጌታዬ እንደማለት ነው፣ እኔን ደግሞ ከዚያ በፊት ጌታዬ ያለኝ ሰው የለም።

አንዲት ቡላ በቅሎ አሳየኝ። ባለቤቷ ገመዱን ይዞ ቆሟል፣ አይናገርም፣ ዲንሳ ነው ስለሱም የሚናገረው። እኔ ቀረብኩና አፏን ከፈትኩ። ሰው ሲያደርግ አይቻለሁ እንጂ የበቅሎ ጥርስ ምን እንደሚናገር አላውቅም። ግን ረጅም ጊዜ አየሁ፣ ጣቴን አስገብቼ ነካካሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። ዲንሳም፣ ስንት ዓመቷ ነው ትላለህ ጌታዬ፣ አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ስንት ዓመቷ ነው ሲለኝ ደህና ነው! የዚያ ባለቤት ከንፈር ትንሽ ስትንቀሳቀስ አየኋት፣ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ታዲያ ሃያ ስምንት አሉ። አሥራ አምስት አልኩ። አይሆንም ተባልኩ። እኔ ደግሞ የገበያ ብልሃት አውቃለሁ አይደል? ጀርባዬን ሰጥቼ ሄድኩ። ገዢ ጀርባውን ሲሰጥ ሻጭ ይጠራዋል፣ ሁልጊዜ ነው የሚጠራው። ሄድኩ ሄድኩ፣ ማንም አልጠራኝም። ቀስ አልኩ፣ አልጠሩኝም። የገበያው ዳር ያለው ዋርካ ድረስ ደረስኩና ከኋላው ቆሜ በጎን አየሁ፣ ዲንሳ ከሌላ ሰው ጋር እየሣቀ ነው። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ዘይነብ ትዝ አለችኝ፣ ተመለስኩ። እና ተሸንፎ ተመለሰ እንዳይሉኝ፣ ዱላዬን ረስቼ ነው አልኳቸው። ዲንሳ እጄን ተመለከተ። ዱላዬ እጄ ላይ ነው ያለው።

አትሳቁ እንጂ፣ ገና ነው።

እንግዲህ ብቻ ስንጨቃጨቅ ውለን ሃያ ላይ ደረስን፣ እጅ ለእጅ ተመታን። ሃያ ብር! ወላሂ ሰማይ ነካሁ። ሐሰን ይህን ባየ አልኩ በልቤ። አሁን ልብ በሉልኝ፣ ዋጋው አልቋል፣ ሃያ ነው፣ አንድም አልጨመረም። የቀረው የዋጋው ዘመዶች መምጣት ነው።

መጀመሪያ ወርቄን ወደ ብር ለመለወጥ ሚዛን ያዡ ዘንድ ሄድኩ። መዘነና ትቢያውን ወደ ራሱ ላባ ገለበጠው፣ ሚዛኑ ላይ የተጣበቀውን ግን በጣቱ ጠረገና ወደ አንድ የቀንድ ዕቃ ከተተው። ያ ምንድን ነው አልኩት። ሚዛኑ ላይ የቀረ የሚዛኑ ነው አለኝ። ቀጥሎ ዲንሳ የደላላ አለ፣ ሰጠሁ፤ ዞር ብዬ ሳይ ከሻጩም ይቀበላል። ቀጥሎ አንድ ያላየሁት ሰው መጣ። እኔ ዋስ ነኝ አለ፣ በቅሎዋ የስርቆሽ አለመሆኗን የማረጋግጥልህ እኔ ነኝ፣ የዋስ ስጠኝ። አንተን ማን ያውቅሃል አልኩት። ዲንሳ ያውቀኛል አለ። ዲንሳንስ? ዲንሳን እኔ አውቀዋለሁ አለኝ። ምን ታደርጋላችሁ፣ ሰጠሁ። ቀጥሎ የገበያ ቀረጥ የሚሰበስበው መጣ፤ የአገሩ ልጅ ግማሽ ነው የሚከፍለው፣ ካንተ አገር የመጣ ሙሉ ነው አለኝ። የኔ አገር እኮ ሦስት ቀን መንገድ ነው ብለው፣ ሦስት ቀን መምጣትህ ደግሞ በቅሎዋን ምን ያህል እንደፈለግሃት ያሳያል አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው።

በመጨረሻ በቅሎዋን ልወስድ ስል ያ ዝምተኛ ባለቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ገመዱ የኔ ነው» አለ።

ያን ቀን ከእሱ አፍ የሰማሁት እሷኑ ብቻ ነው። ገመዱንም ገዛሁ።

ዳቡስ ላይ ስደርስ አሻጋሪዎቹ ለኔ አንድ ሒሳብ፣ ለበቅሎዋ አንድ ሒሳብ ጠየቁኝ። አንዱ አንገቷን ይዞ ይዋኛል፣ አንዱ ከኋላ ጭራዋን ይዞ ይገፋል፣ እና ሁለቱም ለየብቻ ነው የሚከፈላቸው። ጭራውን እኔ ልያዝ አልኩ ወጪ ለመቀነስ። መዋኘት ትችላለህ አሉኝ። አልችልም። ከፈልኩ።

ባምባሲ ስደርስ ዘይነብ ገና አልወለደችም፣ ግን ቀኖች ናቸው የቀሩት አሉኝ ሴቶቹ፣ እና ሳልቀመጥ ወጣሁ። ከባምባሲ ወደ አሶሳ ሲመጣ መሐል ላይ ኬላ ነበር። ኬላ ጠባቂው ጎልማሳ ሰው ነው፣ ከድንጋይ ላይ ሳይነሣ ጠየቀኝ፣ በቅሎዋ ለመቀመጫ ናት ወይስ ለንግድ? የመቀመጫ ከሆነች ቀረጡ ትንሽ ነው፣ የንግድ ከሆነች ብዙ ነው። እኔም እናቴ የምትቀመጥባት ናት ብል ይበቃ ነበር፣ እውነትም እሱ ነው። ግን ብልሃተኛ ነኝ አይደል? ለመቀመጫማ ናት፣ ይኸው ብዬ ዘልዬ ወጣሁባት። በቅሎው ደግሞ፣ አየሽ ሐሊማ፣ ደገምኩት፣ በቅሎዋ ደግሞ እኔን ያን ቀን ነው ጀርባዋ ላይ ያየችኝ። አንዴ ዘለለች፣ ሁለተኛው ላይ እኔ እሾህ ውስጥ ነኝ። ጠባቂው ከድንጋዩ ሳይነሣ፣ የንግድ ናት አለ።

መንገዱ ላይ ተቀምጬ አልከፍልም አልኩ። ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ እናቴ እየጠበቀች መሆኗን አሰብኩና እሾሁን ከጎኔ እየነቀልኩ ከፈልኩ። ቤት ስደርስ ያቺ የሃያ ብር በቅሎ ከሠላሳ አልፋ ነበር፣ የጎኔን ሕመም ሳንጨምር።

አሁን የሞኝነቴን ትልቁን ስሙ። አሶሳ የደረስኩት ዓርብ ነው፣ ሰው ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ። መንደሩ በሙሉ ከበበኝ። አጎቴ ሸህ ሙሳም አለ፣ የእናቴ ወንድም ነው፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ሸህ ሙሳ ሲናገር ሰው ሳሉን ይይዛል። በቅሎዋን ዞሮ አያት፣ እና ሁሉም በተሰበሰበበት፣ ኢድሪስ፣ በስንት ገዛሃት አለኝ።

በሃያ ብር አልኩ።

ውሸት ነው? በቅሎዋ እኮ ሃያ ናት። የቀረው የሚዛን ነው፣ የደላላ ነው፣ የጭራ ነው። እኔ የተጠየቅሁት የበቅሎዋን ነው። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ፣ ሰውም ሁሉ አፉን ያዘ፣ ማሻአላህ፣ ሐሰን ይህን ሁሉ ዘመን ሲዘርፈን ነበር ለካ አለ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ጎኔ እያመመኝ ነው የነፋሁት።

በነጋታው ሸህ ሙሳ ቤታችን መጣ። ሃያ ብር ቆጥሮ እፊቴ አስቀመጠ።

«ለኔም አንድ አምጣልኝ» አለኝ፣ «እንደዚችው ያለች። ከተገኘ ትንሽ ከፍ ትበል።»

ምን ልበል? አጎቴ፣ ሃያ የተባለው ሃያ አይደለም ልበለው? ትናንት ያ ሁሉ ሰው ሰምቶ? እሺ አልኩ። እሱ መርቆኝ ወጣ፣ እኔ ብሩን እያየሁ ቀረሁ። መንዲ ልሂድ ብል በቅሎዋ እንደ ፊተኛዋ ከሠላሳ ታልፋለች፣ ያን ያህል ገንዘብም የለኝም። አሰብኩ አሰብኩ፣ አንድ ቦታ ብቻ ነበር የቀረኝ። አንገቴን ደፍቼ ሐሰን ዘንድ ሄድኩ።

ሐሰን እንደ ድሮው ረጋ ብሎ ተቀምጧል። ሰላምታ ሰጠኝ፣ ከበቅሎዎቹ ከፍ ያለችውን አሳየኝ፣ ዋጋዋን ጠየቅሁ፣ ሠላሳ አለኝ፣ ሁሉ በውስጡ። የአጎቴን ሃያ አወጣሁ፣ አቡጀዲዬን ሸጬ ያገኘሁትን አሥር ጨመርኩ። ብሩን ሲቆጥር ቆየና፣ ለማን ነው አለኝ። ለአጎቴ አልኩ። በስንት ብለህ ልትሰጠው ነው? የበቅሎዋን ገመድ መነካካት ጀመርኩ። እሱም ገባው። ወሬውን ሰምቷል ለካ፣ ከተማው ሁሉ ሃያ ሃያ ሲል ነው ያደረው።

«ወንድሜ ኢድሪስ» አለኝ፣ «ከኔ በሠላሳ ገዝተህ በሃያ የምትሰጥ ከሆነ፣ እኔ ይህን ለማንም አልናገርም። አላህ ብቻ ዘመድህን ያብዛልህ።»

ፊቱ ላይ ሣቅ የለም፣ እሱ ነው የገደለኝ። ደግሞም መከረኝ። ዛሬውኑ ይዘሃት ብትሄድ መንዲ በአንድ ቀን ደርሰህ ተመለስክ ይሉሃል? ጥቂት ቀን እዚህ ተደበቅ አለኝ። እውነት ነው። ለእናቴ ቡላዋ ከመንገድ እስክታርፍ መንዲ ደርሼ እመለሳለሁ አልኩና ሐሰን ግቢ፣ ከጓሮ፣ በቅሎዎቹ በሚያድሩበት በረት ከረምኩ። ለቀለብ አላስከፈለኝም፣ ጥሩ ሰው ነው። በረቱን ግን ጠዋት ጠዋት አስጠረገኝ። እኔ ገበያ ላይ የማይታለለው ኢድሪስ፣ ከራሴ መንደር የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቄ ፋንድያ እየዛቅሁ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሰው ሲያልፍ አንገቴን እቀብራለሁ። አንድ ቀን የጎረቤታችንን ድምፅ ሰማሁ፣ ኢድሪስ አሁን መንዲ ደርሷል፣ እንዴት ያለ ጎበዝ ነው እያለ ሲያልፍ። አካፋዬን ይዤ ሰማሁት።

እንግዲህ ያቺን በቅሎ ለአጎቴ አስረከብኩ፣ ምርቃት ጎረፈልኝ። እና በማግስቱ እናቴን ቡላዋ ላይ አስቀምጬ፣ ገመዱን በእጄ ይዤ፣ ወደ ባምባሲ ተነሣን። እናቴ መጀመሪያ ፈርታ ነበር፣ ኋላ ለመደችው፣ ከላይ ሆና አገሩን ታያለች፣ እዚህ ወንዝ ወርቅ አጥቤያለሁ፣ እዚያ ጋ እናቴ አጥባለች ትለኛለች። ደስ ብሏታል። እኔም ደስ አለኝ፣ ወጪው ሁሉ ትንሽ ተረሳኝ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ያ ጠባቂ እዚያው ድንጋይ ላይ ነው። እኔን አየ፣ በቅሎዋን አየ፣ ፊቱ በራ። ዛሬስ ለመቀመጫ መሆኗ ታየ አለ። እና እናቴን፣ እማማ፣ ይህ ልጅሽ ነው ወይ ብሎ ጀመረላት፤ አወጣጤን፣ አወዳደቄን፣ መንገድ ላይ ተቀምጬ ማኩረፌን፣ መንዲ ላይ ማን ማን ምን ምን እንደወሰደብኝ፣ ያን ቀን እሾህ እየነቀልኩ በምሬት የነገርኩትን ሁሉ ዘረገፈው። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እናቴ እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ጠየቀችው፣ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ በቅሎ ይዞ በዚህ አላለፈም? አላለፈም አለ፤ መንገዱ ይኸው አንድ ነው፣ እኔም ከዚህ ድንጋይ አልነሣም።

ትንሽ እንደሄድን ከላይ ድምፅዋ መጣ።

«ኢድሪስ፣ የአጎትህ በቅሎ በየት በኩል ነው የመጣችው?»

ነገርኳት። የሐሰንን በረት ሳይቀር ነገርኳት። ቀና ብዬ ሳያት አቀርቅራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሣቀች ነው። እስክትወድቅ ድረስ ሣቀች፣ ይዤ ነው ያቆየኋት፣ እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች፣ «ያዘኝ» ትለኛለች፣ «አካፋ ይዞ!» ትልና ደግሞ ትጀምራለች።

ባምባሲ ስንደርስ ዘይነብ ሌሊቱን ወልዳ ነበር። ሴቶቹ በር ላይ ወጡ፣ ሴት ልጅ ናት አሉ። እናቴን አወረድኳት። ያን ሁሉ መንገድ ስትሥቅ የመጣች ሴት እግሯ መሬት ሲነካ ነጠላዋን አስተካከለች። ዱላዋን ለኔ ሰጠችኝ፣ ያለ ዱላ ገባች። ዘይነብ እንዳየቻት እጇን ዘረጋች፣ ልክ እንደ ሕፃን፣ እና እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አደረጉላት። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። እማ፣ ወርቅሽን አባከንኩት አልኳት። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

«ወንዝ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ» አለች፣ «ለምን እንደቆምኩ የማውቀውም እኔ ነኝ። አንተ ሄደህ ለአጎትህ እውነቱን ንገረው።»

አያችሁ፣ ያ ቀላል ነገር አይደለም። ሸህ ሙሳ ነው። እናቴን እዚያው አራስ ቤት ትቻት ስመለስ መንገዱን በሙሉ አፌን ሳለማምድ ነው የመጣሁት። ገባሁ፣ ሙስበሃውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ እየቆጠረ ነው፣ ተቀመጥኩ።

«አጎቴ፣ ያቺ በቅሎ የሃያ ብር አይደለችም። የሠላሳ ናት። ከመንዲም አላመጣኋት፣ እዚሁ ከሐሰን ነው የገዛኋት» አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

ሙስበሃው ቆመ። ሸህ ሙሳ አየኝ። ከዚያ በሩን አየ። ከዚያ ደግሞ እኔን አየ። ይቆጣኛል፣ ከቤቱ ያስወጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ከሐሰን?» አለ።

«ከሐሰን።»

«በቅሎዋ በረት የለችም፣ ኢድሪስ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከፍ ያለች ሆነችብኝ፣ መውጣት አቃተኝ። አንድ ሰው መጣና በሃያ አምስት ልግዛ አለኝ፣ ሸጥኳት። በሃያ ገዝቼ በሃያ አምስት ሸጥኩ፣ አምስት አተረፍኩ ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። አክስትህም ይኸው እስከ ዛሬ ታመሰግነኛለች።»

«ለማን ሸጧት?» አልኩ።

መልሱን ከፊቱ ላይ ነው ያነበብኩት። ለሐሰን!

ከዚያ ጢሙ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ያ ሰው የሚፈራው ጢም፣ ትንሽ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ፈነዳ፣ እኔም ፈነዳሁ፣ አክስቴ ምን ሆናችሁ ብላ ሮጣ መጣች፣ ሊነግራት ቢሞክር አልቻለም። ሸህ ሙሳ ሲሥቅ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሲበቃው ተነሣና አምስቷን ብር አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ፣ ይህ ያንተ ነው ብሎ። ሌላዋ አምስት ብር ሐሰን ዘንድ ቀረች፣ በቅሎዋም ሐሰን ዘንድ ናት፣ የጠረግሁት በረትም የሐሰን ነው።

እንግዲህ እኔ ስንት ዓመት አሰብኩት ይህን ነገር። ዲንሳ ሃያ አለኝ፣ ሃያ አልነበረም። እኔ ሃያ አልኩ፣ ሃያ አልነበረም። አጎቴ የተከበረው ሰው አምስት አተረፍኩ አለ፣ አላተረፈም። አንዴ ሠላሳ ካለ ወዲህ እስከ መጨረሻው ያንኑ ዋጋ የተናገረ ሰው ሐሰን ብቻ ነው፣ እና ሌባ ያልኩት እሱን ነው። እኔ ነኝ እንግዲህ ገበያ የማውቀው።

ምን አልክ? ከዚያ በኋላ ሐሰን በቅሎዋን ለማን ሸጣት ነው የምትለኝ? ለማን እንደሸጣት አላውቅም፣ ልጄ። በስንት እንደሸጣት ግን አውቃለሁ።